አልፍሬድ ቬግነር፤ አህጉራትን ያንቀሳቀሰው የአውሎ ነፋስ ሰው

እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2024 ጎህ ሳይቀድ፣ በሲሲሊ ደሴት በፖርቲቼሎ ወደብ አጠገብ መልህቁን ጥሎ ቆሞ የነበረው ባዬዥያን የተባለ 56 ሜትር ርዝመት ያለው የቅንጦት መርከብ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመ። ከተሳፈሩት 22 ሰዎች መካከል እንግሊዛዊውን የሶፍትዌር ባለሀብት ማይክ ሊንችንና የ18 ዓመት ሴት ልጁን ጨምሮ ሰባቱ ሞቱ። በዚያው ቀን የዓለም ዜና ማሠራጫዎች የተቀባበሉት ወሬ ከባሕር ላይ ስለተነሳ ቶርኔዶ ነበር። በኋላ የተካሄዱት ምርመራዎች ደግሞ ይበልጥ ያመለከቱት ከነጎድጓድ ደመና ሥር ቁልቁል ወርዶ በባሕሩ ወለል ላይ የሚዘረጋ ብርቱ ነፋስን ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ነገር ግን የሚወለዱት ከአንድ ዓይነት ሰማይ ሥር ነው።

ዜናውን የሰማ ብዙ ሰው የተደነቀው በመርከቡ ብቻ አልነበረም። ቶርኔዶ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው የኦክላሆማና የካንሳስ ሜዳ፣ በፊልም ያየነው የሚበር ጣሪያ ነው። በአውሮፓ፣ ያውም በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ፣ ቶርኔዶ አለ ሲባል ጋዜጠኛ ያጋነነው ይመስለናል። አለ። መኖሩንም ከመቶ ዓመት በፊት አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ቆጥሮና መርምሮ በመጽሐፍ ያስቀመጠ ሰው ነበር። ሰውየውን እናውቀዋለን፤ የምናውቀው ግን በሌላ ሥራው ነው።

ጂኦግራፊ የተማረ ሁሉ አልፍሬድ ቬግነር የሚለውን ስም አይረሳውም። ደቡብ አሜሪካና አፍሪካ እንደተቀደደ ወረቀት የሚገጥሙበት ካርታ፣ ፓንጂያ የምትባለው የጥንቷ አንድ አህጉር፣ እነዚህ ሁሉ ከእሱ ስም ጋር ይመጣሉ። ከዚህ የተነሳ ብዙዎቻችን ጂኦሎጂስት ይመስለናል። አልነበረም። በትምህርቱ የከዋክብት ተመራማሪ፣ በእንጀራው ደግሞ የአየር ጠባይ ባለሙያ ነበር። እኔ ዛሬ ላወራላችሁ የፈለግሁት ስለዚህኛው ቬግነር ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

ቬግነር ኖቬምበር 1 ቀን 1880 በርሊን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ሪቻርድ ቬግነር የነገረ መለኮት ምሁርና የጥንታዊ ቋንቋዎች መምህር ነበር፤ አልፍሬድ ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ነው። በበርሊን፣ በሃይድልበርግና በኢንስብሩክ ተምሮ በ1905 ከበርሊን ዩኒቨርሲቲ በሥነ ፈለክ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ዲግሪውን በያዘበት ዓመት ግን ቴሌስኮፑን ተወው። እንደ እኔ ግምት ሰውየው ቁጭ ብሎ ሩቅ ነገር ማየት የሚሆንለት አልነበረም፤ የሚያጠናው ነገር ውስጥ መግባት ይፈልግ ነበር። ኮከብ ውስጥ መግባት አይቻልም፤ ደመና ውስጥ ግን ይቻላል።

ሊንደንበርግ በሚባል ቦታ ወደሚገኘው የአየር ምርምር ጣቢያ ገባና ከታላቅ ወንድሙ ከኩርት ጋር መሥራት ጀመረ። በዚያ ዘመን ራዳር የለ፣ ሳተላይት የለ፤ የላይኛውን አየር ሙቀትና እርጥበት ለማወቅ መሣሪያውን በካይት ወይም በገመድ በታሰረ ፊኛ መስቀል፣ ካልሆነም ራስን ፊኛ ላይ አሳፍሮ መውጣት የግድ ነበር። በኤፕሪል 1906 ወንድማማቾቹ በፊኛ 52 ሰዓት ተኩል አየር ላይ ቆይተው የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበሩ። በዚያው ዓመት አልፍሬድ ከዴንማርክ የጥናት ቡድን ጋር ወደ ግሪንላንድ ተጓዘ። የቡድኑ መሪ ሉድቪግ ሙሊየስ ኤሪክሰንና ሁለት ባልደረቦቹ በረዶው ላይ ሞተው ቀሩ። ቬግነር ሁለት ክረምት እዚያው አሳልፎ፣ በዋልታው ጨለማ ካይት እያወጣ የአየሩን ጠባይ ሲለካ ቆይቶ በ1908 ተመለሰ።

በ1909 የማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። እዚያ ሲያስተምር ያዘጋጀው ስለ ከባቢ አየር የሙቀት ሕግጋት የሚያትት መጽሐፍ በ1911 ወጣ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለች አንዲት ሐሳብ ብቻዋን ስሙን ልታስጠራ ትችል ነበር። በቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆነውም ያልረጉ የውሃ ጠብታዎች አሉ። በመካከላቸው ጥቂት የበረዶ ቅንጣቶች ሲኖሩ ቅንጣቶቹ የጠብታዎቹን እርጥበት እየተሻሙ ያድጋሉ፣ ይከብዳሉ፣ ይወድቃሉ። ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ አገሮች የሚዘንበው ዝናብ ብዙው ሲጀመር በረዶ ነው ማለት ነው። ስካንዲኔቪያዊው ቤርጌሮንና ጀርመናዊው ፊንዳይዘን በኋላ ስላዳበሩት ክስተቱ ዛሬ በሦስቱም ስም ይጠራል። በ2021 በአገራችን ብዙ ሲወራለት የነበረው ደመናን የማበልጸግ ቴክኖሎጂ፣ ቢያንስ የቀዝቃዛ ደመናው ዘርፍ፣ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

በጃንዋሪ 1912 ፍራንክፈርት ላይ ቆሞ አህጉራት ቀድሞ አንድ ነበሩ፣ ተለያይተው ሄዱ ሲል አዳራሹ ውስጥ የነበሩት የጂኦሎጂ ሊቃውንት ፊታቸውን አጠቆሩ። እሱ ግን ክርክሩን በእንጥልጥል ትቶ እንደገና ወደ ግሪንላንድ ሄደ። ከዴንማርካዊው ኮኽና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በበረዶው ላይ ከርመው፣ በ1913 በአይስላንድ ፈረሶች እየታገዙ ደሴቲቱን በሰፊው ጎኗ አቋረጡ። ፈረሶቹ አንድ በአንድ አለቁ። በመጨረሻ ስንቃቸው አልቆ ውሻቸውን አርደው ከበሉ በኋላ ነበር ሰው ያገኛቸው። ተመልሶም ኤልዘ ኮፐንን አገባ። አባቷ ቭላዲሚር ኮፐን የዓለምን የአየር ንብረት በፊደላት የመደበው፣ ዛሬም ከቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋችን ጎን በመማሪያ መጽሐፍ የምናገኘው ሳይንቲስት ነው። አማችና አማት የሚስማሙበት ቤት ብዙ ባይሆንም እነዚህ ሁለቱ እስከ ቬግነር መጨረሻ ድረስ የሥራ ጓደኛሞች ነበሩ።

ጦርነቱ መጣ። ቬግነር የተጠባባቂ ጦር መኮንን ስለነበር በ1914 ወደ ቤልጅየም ግንባር ዘመተና ሁለት ጊዜ ቆሰለ። ከዚያ በኋላ ለውጊያ ብቁ አይደለም ተብሎ በሠራዊቱ የአየር ትንበያ አገልግሎት ተመደበ፤ ከጣቢያ ጣቢያም ይዘዋወር ጀመር። ስለ አህጉራትና ውቅያኖሶች አመጣጥ የጻፈው 94 ገጽ መጽሐፍ የወጣው በ1915 በዚህ መካከል ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1916፣ በጀርመን ሄሰን ግዛት ሰማይ ላይ አንድ የእሳት ኳስ በጠራራ ፀሐይ እየነጎደ አለፈ። ቬግነር ያዩትንና የሰሙትን ሰዎች ምስክርነት ሰብስቦ፣ ከየት አቅጣጫ፣ በምን ያህል ከፍታ እንደታየ አገናዝቦ፣ ድንጋዩ ሊወድቅ የሚችልበትን ቦታ በካርታ ላይ አመለከተ። በ1917 አንድ የደን ጠባቂ 63 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ብረት ቬግነር ካለው ቦታ ብዙም ሳይርቅ አገኘው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቬግነር በዚያው በ1917 ስለ አውሮፓ የየብስና የባሕር ቶርኔዶዎች ያሳተመውን መጽሐፍ የሠራው በተመሳሳይ ዘዴ ነው። ቶርኔዶ ቀጠሮ አይሰጥም። በጠባብ ቦታ ይወርዳል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ መሣሪያ ባለበት ቦታ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ማስረጃው የሚገኘው ከገበሬው፣ ከዓሣ አጥማጁ፣ ከመርከበኛው፣ ከመንደር ቄስና ከድሮ ጋዜጣ ነው። የዘመኑ ምሁራን እንዲህ ያለውን ወሬ ከተረት ጋር ይደምሩት ነበር። ቬግነር ግን ከ250 በላይ ክስተቶችን ሰበሰበ፣ አነጻጸረ፣ በወርና በሰዓት ደለደለ። በመጨረሻም በአውሮፓ በዓመት ቢያንስ መቶ ያህል ቶርኔዶ ሳይነሳ አይቀርም ብሎ ገመተ። ያኔ ይህ ቁጥር የተጋነነ ይመስል ነበር። ዛሬ በየዓመቱ የሚመዘገበው ብዙ መቶ በመሆኑ ግምቱ እንዲያውም ዝቅ ያለ እንደነበር ታውቋል።

የመጽሐፉ ትልቁ ቁም ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ የየብሱንና የባሕሩን በአንድ ጥራዝ ማሰሩ ነው። ከባሕር ላይ የሚታየውን ዓምድ ሰው ለብዙ ዘመን የሚያየው ውሃ ወደ ሰማይ እንደሚመጠጥበት ቱቦ ነበር። አይደለም። በሚሽከረከረው አየር መካከል ግፊቱ ዝቅ ስለሚል አየሩ ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ጉም ይለወጣል። የምናየው ቱቦ ደመና ነው። ከባሕሩ የሚነሳው ውሃ እግሩ ሥር የሚረጨው ብቻ ነው። በየብስ ላይ በዚያ ረጭ ፋንታ አቧራና ፍርስራሽ ይታያል።

ታዲያ የባሕር ዳርቻ ለዚህ ነገር የሚመቸው ለምንድን ነው? ዛሬ የምናውቀውን ጨምሬ ላስረዳ። ለቶርኔዶ የሚያስፈልጉት ነገሮች በየራሳቸው ሲታዩ ብርቅ አይደሉም። ከምድር አጠገብ ሞቃትና እርጥብ አየር፣ ከበላዩ ቀዝቃዛ አየር፣ ሞቃቱን አየር ሽቅብ የሚገፋ አንድ ምክንያት፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱንና አቅጣጫውን የሚለውጥ ነፋስ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሲገናኙ ነጎድጓድና ዶፍ ይሆናል፤ አራተኛው ሲጨመር ደመናው ራሱ መዞር ሊጀምር ይችላል። የባሕር ዳርቻ እነዚህ አራቱ ሳይፈላለጉ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

እርጥበቱን ባሕሩ ያቀርባል። የብስ ቀን ቶሎ ይግላል፣ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ባሕር ግን ለሁለቱም ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ ቀን ከባሕር ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ባሕር ነፋስ ይነፍሳል። ይህ ነፋስ ከሌላ ነፋስ ጋር በሚጋጭበት መስመር ላይ አየር መሄጃ ሲያጣ ሽቅብ ይወጣል። ሌላም አለ። ባሕር ላይ ነፋስን የሚያግደው ስለሌለ ይፈጥናል። ዳርቻው ላይ ሲደርስ ዛፉ፣ ቤቱና ኮረብታው ይይዘዋል። ከታች ያለው ሲንቀራፈፍ ከላይ ያለው እንደፈጠነ ይቀጥላል። በመካከላቸው ያለው አየር በሁለት መዳፍ መካከል እንደተያዘ እርሳስ ይንከባለላል። ይህ የተኛ ጥቅል አየር ኃይለኛ ደመና ሽቅብ ሲስበው ይቆማል፤ ከቆመ በኋላ እንደ እንዝርት የሚሾር ደመና ሆነ ማለት ነው። አስፈሪዎቹ ቶርኔዶዎች የሚወለዱት ከዚህ ነው። ከውቅያኖስ ወደ የብስ የሚገባ ሃሪኬንም በዚሁ ምክንያት ቶርኔዶ ይፈለፍላል፤ በሴፕቴምበር 2004 አይቫን የተባለው ሃሪኬን አሜሪካ ሲገባ ከመቶ በላይ ቶርኔዶዎች ተከትለውታል።

ሁለተኛው ዓይነት ገር ነው። ነፋስ የሌለበት፣ ባሕሩ የሞቀበት፣ ከላይ ቀዝቀዝ ያለ አየር የመጣበት ጠዋት ይሁን። ሁለት ለስላሳ ነፋሶች በሚገናኙበት መስመር ላይ ትንንሽ የአየር ሽክርክሪቶች ይፈጠራሉ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ አንዱም አይታይም። ከበላያቸው አንድ ደመና ማደግ ሲጀምር ግን ሽክርክሪቱን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ይወጥረዋል፣ ያቀጥነዋል። በሚዞር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የዘረጋቸውን እጆቹን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ እንደሚፈጥን ሁሉ ሽክርክሪቱም በቀጠነ መጠን ይፈጥናል። የዚህ ዓይነቱ ቶርኔዶ ብዙ ጊዜ ዕድሜው ከ20 ደቂቃ አይበልጥም፤ ወደ የብስ ሲወጣም ምንጩን ስለሚያጣ ይሞታል። በሰሜኑ የአውሮፓ ባሕሮች ላይ የሚበዛው በበጋቸው መጨረሻና በመጸው መጀመሪያ፣ የብሱ መቀዝቀዝ ጀምሮ ባሕሩ ገና የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው። በዝዋይ ወይም በአዋሽ በኩል በጋ ላይ የተጓዘ ሰው የሚያውቀው አቧራ የሚያሽከረክር አዙሪት ግን ከሁለቱም አይደለም። እሱ ከጋለ መሬት ተነስቶ ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር የሚዞር ነው። ከደመና ጋር ካልተያያዘ ቶርኔዶ አይባልም።

ሁለቱን ዓይነቶች መለየቱ የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1970 ቬኒስን የመታው ቶርኔዶ በሐይቁ ላይ የነበረ የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባን ገልብጦ፣ በመንገዱ ያገኘውን አፍርሶ ከሠላሳ በላይ ሰዎችን ገድሏል። ኖቬምበር 28 ቀን 2012 በደቡብ ጣሊያን የታራንቶን የብረት ፋብሪካ የመታውን ደግሞ በኋላ በኮምፒዩተር ሞዴል ያጠኑት ተመራማሪዎች፣ የባሕሩ ሙቀት ከወትሮው በ1 ዲግሪ ያህል ከፍ ማለቱ ብቻ ለደመናው ጉልበት ትልቅ ልዩነት ማምጣቱን አሳይተዋል። ሜዲትራኒያን እየሞቀ ባለበት በዚህ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ቬግነር ልመለስ። እሱ ራዳርም ኮምፒዩተርም ሳይኖረው ስለ ቶርኔዶ አወላለድ የራሱን ሐሳብ አቅርቧል። በነጎድጓዱ ደመና ውስጥ እንደ ተጋደመ ግንድ የሚንከባለል አንድ እናት ሽክርክሪት አለ፤ የዚህ ግንድ ጫፍ ወደ ምድር ሲታጠፍ ቶርኔዶ ይሆናል አለ። ሐሳቡ እንዳለ ትክክል አልነበረም። ዛሬ የሚታወቀው የተኛው አየር የሚቆመው ሽቅብ በሚወጣው የደመናው ትንፋሽ መሆኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ምድር እንዴት እንደሚደርስ ደግሞ አሁንም የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው። ግን የቆመው ሽክርክሪት ከተኛው ሽክርክሪት ሊመጣ ይችላል የሚለው ፍሬ ነገር ያኔውኑ በእጁ ነበር። በ1928 ደግሞ ጉዳዩን በሌላ ጽሑፍ አጠናክሮ ተመልሶበታል።

ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል በ1918 በዛሬዋ ኢስቶኒያ ወደምትገኘው የዶርፓት ዩኒቨርሲቲ ተላከ። እዚያ ዮሐንስ ሌትስማን የተባለ ወጣት አገኘ። ሌትስማን ቶርኔዶን ዕድሜውን ሙሉ የያዘው ሰው ሆነ። ዛፎች የወደቁበትን አቅጣጫ እየለካ የነፋሱን አዟዟር ማስላት ጀመረ፤ በ1937ም ለዓለም አቀፉ የሜትዮሮሎጂ ድርጅት የቶርኔዶ ምርመራ መመሪያ አዘጋጀ። አሜሪካ በዚያ ጊዜ ምን ላይ ነበረች ያልን እንደሆነ፣ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቷ ሕዝብ ይደነግጣል በሚል ቶርኔዶ የሚለውን ቃል በትንበያው ላይ እንዳይጻፍ ከልክሎ ነበር።

ቬግነር ከጦርነቱ በኋላ በሃምቡርግ የባሕር ምልከታ ተቋም የአማቱን ወንበር ተረክቦ የሜትዮሮሎጂ ክፍሉን መራ። የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ያለው መደበኛ ሥራ ለማግኘት እስከ 1924 መጠበቅ ነበረበት፤ ያንንም የሰጠችው አገሩ ጀርመን ሳትሆን የኦስትሪያዋ ግራዝ ናት። በእጁ ያልገባበት ነገር አለመኖሩ ሳይጎዳው አልቀረም። ለጂኦሎጂስቶቹ የአየር ጠባይ ሰው፣ ለአየር ጠባይ ሰዎቹ አህጉር የሚያንቀሳቅስ ሰው ነበር።

የአህጉራት ነገር በሰፊው ስለሚታወቅ ባጭሩ ልለፈው። በ1926 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው ጉባኤ አብዛኞቹ ተናጋሪዎች ተቃወሙት። ሁሉም ተቃውሞ ግን የጥላቻ አልነበረም። አህጉራቱን ምን ገፋቸው ተብሎ ሲጠየቅ ያቀረባቸው ኃይሎች እጅግ ደካማ መሆናቸውን እንግሊዛዊው ጄፍሪስ በስሌት አሳይቷል። ግሪንላንድ በዓመት ብዙ ሜትር ትጓዛለች ያለውም ስህተት ነበር፤ የአህጉራት ጉዞ በዓመት የሚለካው በሴንቲ ሜትር ነው። መንቀሳቀሳቸውን ግን አይቷል።

እኛንም አይቶናል። በመጽሐፉ ውስጥ ቀይ ባሕርን ሲያነሳ ሁለቱ ዳርቻዎች ትይዩ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ የማይገጥመው በአንኮበር፣ በምጽዋና በጋርዳፉይ ርእሰ ምድር መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ብቻ እንደሆነ ይጽፋል። ይህ ሦስት ማዕዘን ወጣት በሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ስለሆነ ከካርታው ቢወጣ የዓረቢያ ማዕዘን በልኩ ይገባበታል ነው የሚለው። አፋርን መናገሩ ነው። እግሩ ኢትዮጵያን ያልረገጠ ሰው ይህን ያለው ካርታ እያየ ነው። በሴፕቴምበር 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ሲከፈት፣ ዓለም ሁሉ መሣሪያውን ይዞ የመጣው ይህንኑ ሊያይ ነው።

በ1930 ቬግነር አራተኛውንና የመጨረሻውን የግሪንላንድ ጉዞ መራ። ዓላማው በደሴቲቱ ወገብ ላይ፣ በምዕራቡ ዳርቻ፣ በምሥራቁ ዳርቻና በመካከል፣ ሦስት ጣቢያዎች ተክሎ ዓመቱን ሙሉ አየሩን መለካትና የበረዶውን ውፍረት በፍንዳታ ሞገድ ማወቅ ነበር። ሲጀመር የዳርቻው በረዶ አልቀልጥ ብሎ ከአምስት ሳምንት በላይ አዘገያቸው። በመካከል የሚተከለው አይስሚተ የተባለው ጣቢያ ከምዕራቡ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ 3 ሺሕ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነበር። ጌኦርጊና ዞርገ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በረዶውን ፈልፍለው ዋሻ ውስጥ ገቡ፤ ለክረምቱ የሚበቃ ስንቅና ነዳጅ ግን አልደረሰላቸውም። በሞተር የሚሄዱት ተንሸራታቾችም አልሠሩም።

ሴፕቴምበር 21 ቀን ቬግነር፣ ባልደረባው ፍሪትስ ሌቨና 13 ግሪንላንዳውያን 15 በውሻ የሚጎተቱ ተንሸራታቾች ይዘው ተነሱ። ብርዱ ሲበረታ ግሪንላንዳውያኑ እየተመለሱ አንድ ብቻ ቀረ፤ ስሙ ራስሙስ ቪሉምሰን፣ ዕድሜው 23። ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ ባለፈ ብርድ 40 ቀን ተጉዘው ኦክቶበር 30 ሦስቱ አይስሚተ ደረሱ። ጭነቱን ግን በመንገድ እየጣሉ ስለነበር የደረሱት ባዶ እጃቸውን ነው ማለት ይቻላል። የሌቨ የእግር ጣቶች በብርድ ሞተው ስለነበር ያለ ማደንዘዣ በሰንጢ ተቆረጡለት፤ እዚያው መክረም ነበረበት። ያለው ስንቅ ግን ለሦስት ሰው እንኳ የሚያጠራጥር ሆነ። ኖቬምበር 1 ቀን፣ ቬግነር 50 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ እሱና ቪሉምሰን ወደ ምዕራብ ተመለሱ። አልደረሱም።

በሜይ 1931 ፈላጊዎች በግማሽ መንገድ ገደማ በረዶው ላይ ተተክለው የቆሙ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዎች አገኙ። ሲቆፍሩ የቬግነር አስከሬን በጥንቃቄ ተሰፍቶ፣ ከሥሩ የአጋዘን ቆዳ ተነጥፎለት ተገኘ። የሞተው በድካም ብዛት ልቡ ቆሞ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ይህን ሁሉ ያደረገለት ቪሉምሰን ነው። የ23 ዓመት ወጣት በዚያ ብርድና ጨለማ ብቻውን ሆኖ አለቃውን በወግ ቀብሮ፣ ምልክት አቁሞ፣ ማስታወሻዎቹን ይዞ ጉዞውን ቀጠለ። አስከሬኑም፣ የያዛቸው ማስታወሻዎችም እስከ ዛሬ አልተገኙም። ስለ ቬግነር ከተጻፉት ውስጥ የቪሉምሰንን ስም በአንድ መስመር የሚያልፉት ብዙ ናቸው፤ ለእኔ ይህ አግባብ አይመስለኝም። አይስሚተ የቀሩት ሦስቱ ሰዎች ክረምቱን አልፈው፣ ልኬታቸውንም ይዘው በሕይወት ተመለሱ። ባለቤቱ ኤልዘ እስከ 1992 ኖራለች። አስከሬኑ በባለቤቱ ፈቃድ እዚያው በረዶው ውስጥ ቀረ።

የአህጉራቱ ነገር በ1960ዎቹ የውቅያኖስ ወለል ሲጠና ተረጋግጦ ስሙን አገነነው። ስለ ቶርኔዶ የጻፈው መጽሐፍ ግን ያን ዕድል አላገኘም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሌትስማን ሥራ ተቋረጠ፤ አውሮፓም ቶርኔዶ የአሜሪካ ነገር ነው ብላ መመዝገቡን ከሞላ ጎደል ተወችው። በቬኒስ ያ ሁሉ ሰው ባለቀበት ዘመን የክፍለ ዓለሙን ቶርኔዶዎች የሚመዘግብ አንድ ወጥ መዝገብ አልነበረም። ኒኮላይ ዶትዜክ የተባለ ጀርመናዊ ከሌሎች ጋር ሆኖ የቬግነርንና የሌትስማንን ጽሑፎች ከተረሱበት አወጣቸው፤ የአውሮፓ የአደገኛ አየር ክስተቶች ላቦራቶሪም በ2006 ተመሠረተ። ይህ ተቋም በሚይዘው የመረጃ ቋት ላይ ዛሬም ዓሣ አጥማጁ፣ ገበሬውና መርከበኛው ያዩትን ያስመዘግባሉ፤ ባለሙያዎች ደግሞ ያጣሩታል።